ያጣራሁትና የደፋሁት

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ለሥራ የተገዛ ነበር። መስመሩ ጠባብ ሆኖ ለቀመር አልመች ስላለኝ ለራሴ አስቀረሁት። ለሥራው ሌላ አለኝ፤ እዚያ የሚጻፈው ስንት ግራም፣ ስንት ዲግሪ፣ ምን ዓይነት ቀለም የሚል ብቻ ነው። ማን ምን አለኝ፣ እኔስ ምን ስል ዋልኩ የሚለው እዚያ ቦታ የለውም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። መምህሬ በግንቦት ጡረታ ይወጣሉ። የመጨረሻ ተማሪያቸው እኔ ነኝ። በስንብታቸው ቀን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሥራ የማቀርበውም እኔው ነኝ፤ የማቀርበው ሥራ ግን እስከ ዛሬ የለም። ሁለት ናይትሮጅን ያለባት የቀለበት ቅርጽ የያዘች አሚን የምትባል አንዲት ኬሚካል አለች። እሷን ከአንድ አሲድ ጋር ማጣመር ነው የሚፈለገው። መምህሬ ይህን ጥምረት ሲመኙ ፀጉራቸው ሸብቷል። ቢሳካ የከብት ጥገኛ ተውሳክ ይገድል ይሆናል ይላሉ። "ይሆናል" የምትለዋን ሁልጊዜ ጫን ብለው ነው የሚሏት።

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ብድግ ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከፊቴ ያሉት ሴትዮም ተነሱ። ሰዉ እንዴት ጨዋ ሆኗል ብዬ እግሬን ዘርግቼ መጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ አስቆመኝ።

"ዓሣ ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?" አለኝ።

አሚኗ ናት። እሷም ዘመዶቿም ሽታቸው እንዲሁ ነው፤ ጓንት አያግዳቸውም፣ ፀጉር ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ጋውኔ በረንዳ ላይ አደረ። እኔንም በረንዳ ሊያሳድረኝ አስቦ ነበር መሰለኝ፣ ግን አዘነልኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ሩጫ ላይ ነኝ። አሲዱን ከአሚኗ ጋር ለማጣመር የምጠቀምበት ኬሚካል አልቋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። "ታዟል" አሉኝ። አምናም ታዞ ነበር።

ከመደርደሪያው ጥግ ሌላ ጠርሙስ አገኘሁ። ይኸኛው ደላላ ነው። አሲዱንና አሚኗን ያገናኝና ኮሚሽኑን ይዞ ይወጣል፤ ኮሚሽኑም አንዲት የውሃ ሞለኪውል ናት። እስካጣመረልኝ ድረስ ምን ቸገረኝ። የቀረው አሠራር እንደ ድሮው ይቀጥላል።

መጋቢት 6፣ ዓርብ ማታ

ወጣ! ወጣ! ወጣ!

ብልቃጡን ከበረዶው ሳነሳው ታቹ በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ማጣሪያው ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣ ፓምፑ ፈሳሹን ሳበው፣ ወረቀቱ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ቀረ። እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ታች የወረደው ፈሳሽ ቡናማ ነው፣ ሲያዩት ያስጠላል፣ ሽታው ደግሞ ያው የኔው ሽታ። የቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ ደፋሁት።

መምህሬን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክሪስታሉን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ቆዩ። አገላበጡት።

"እቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?" አሉ።

"ማንም አያውቃትም ጋሼ፣ አዲስ ናት እኮ!" አልኳቸው።

አንዴ ክሪስታሉን፣ አንዴ እኔን አዩ። "ቅድም ስትዘፍኚ የሰማሁ መሰለኝ" አሉ።

"ዘፍኛለሁ። ይቅርታ ጋሼ።"

"ኧረ ዝፈኚ። ፈሳሹንስ ምን አደረግሽው?"

"ደፋሁት።"

"አሃ" አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከደስታቸው ብዛት ቃል ጠፋቸው። ዕድሜ ልክ የተመኙትን ነገር በመጨረሻው ሰዓት ማየት ቀላል አይደለም። አሳዘኑኝ።

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የሚዛን ነው። ሚዛን ያልነው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚመዝን ነው፤ ሰላምታውን እንኳ መዝኖ ነው የሚሰጠው። እሱም መጥቶ አየና "ነጭ ነው" ብሎ ሄደ። የሰው ደስታ የማይዋጥለት ሰው አለ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ቀዩን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ክሪስታሉ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ በላይ ሄዶ ነው የቀለጠው። እኔ ከመቶ ሃምሳ ያልፋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሚዛን ከኋላዬ አጮልቆ አይቶ "አልበዛም?" አለኝ። "ጠንካራ ናት" አልኩት። ምቀኝነት እንቅልፍ ነስቶታል መሰለኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

መምህሬ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከእንግዲህ ተጣርቶ የሚወርደውን ፈሳሽ እንዳልደፋው፣ በብልቃጡ ከማጠቢያው አጠገብ እንዳስቀምጥላቸው። "እኔ እደፋዋለሁ" አሉ። ሰው ወደ ጡረታ ሲቃረብ እንዲህ ያደርገዋል መሰለኝ፣ ሥራ መፈለግ ይጀምራል። እሺ አልኳቸው።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ኮሪደር ላይ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተገናኘን። "ሥራ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ደህና ነው" ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ የሚመልሰው እንደዚያ ነው፣ ኃላፊውም የሚጠብቀው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ክሪስታሉ ቤቱን ሞልቶታል፣ መምህሬ በደስታ አፋቸው ተዘግቷል፣ በዓለም ላይ አዲስ ነው፣ አልኩት። በዓለም ላይ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"እንግዲያውስ ትልልቅ ሰዎች መጥራት አለብን!" አለ። ደስ አለው፤ ጠርቶ ማስቀመጥ የሚወደው ነገር ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጸጉር አስተካካይ ስለሆነ ወሬ መስማት ሥራው ነው፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ "መጀመሪያ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የላችሁም እንዴ እናንተ?" አለኝ። ጸጉር የሚቆርጥ ሰው ተሳስቶ ቢቆርጥ ያድጋል፣ ምን ያስጨንቀዋል አልኩት። "አንቺም ደፍተሽ ደፍተሽ ስትጨርሺ ያድግልሻል?" አለና ሬዲዮኑን ከፈተ።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ዙር። ነጭ! እንደገና ነጭ!

ብልቃጥ ግን እየጠፋብኝ ነው። ፈሳሹን አስቀምጬ የሄድኩበት አንዱም አልተመለሰም። ጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኋት፤ ተቆጣች። ሚዛንን ጠየቅሁት፤ የራሱን ብልቃጦች ከነቁጥራቸው አሳየኝ። መምህሬን ጠየቅሁ፤ "ይገኛል፣ የት ይሄዳል" አሉ።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ካፖርታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቀው ቆሙና "አንድ ጊዜ አሚኗን ሳትጨምሪ ብትሞክሪው ምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

"ያለ ሙሽራ ሠርግ አለ እንዴ ጋሼ?" አልኳቸው።

ሳቁ። ሁለተኛውን እጅጌ አጥልቀው ወጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን እርጅና መጥቷል። ያለ አሚን ምን ይወጣል ብለው ነው?

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ናሙናውን ማግኔት ወዳለው ተቋም ላክሁ። እኛ ጋ ያለው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አሁን ካፖርት መስቀያ ሆኗል። ማግኔቱ እያንዳንዷ ሃይድሮጅን የት እንደተቀመጠች ይናገራል። የቀለበቷ ሃይድሮጅኖች ከሁሉ ርቀው ብቻቸውን ስለሚታዩ ሕፃን ልጅም ይለያቸዋል።

ማስታወቂያው ተለጠፈ። "አዲስ ውህድ" ይላል፣ በትልቁ። ከሥሩ የኔ ስም፣ ከዚያ የመምህሬ። ቆሜ አነበብኩት። ሰው ሲመጣ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ የጫማዬ ዓይነት ግን ማሰሪያ የለውም።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

የመምህሬ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ ከባለቤታቸው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ልሰማ አልቆምኩም፣ በሩ ጋ ስደርስ ወረቀቶቼን ማስተካከል ስለነበረብኝ ነው።

"ምን ብዬ እነግራታለሁ?" ይላሉ። "አይ፣ አንቺ ብታያት እኮ እንደዚያ አትይም… እንዴት ፊቷ እንደሚበራ… ነገ፣ እሺ፣ ነገ።"

የስንብት ንግግራቸው አስጨንቋቸዋል። እኔን ለማመስገን ቃል እየፈለጉ ነው። አንጀቴን በሉት። ወዲያው ትንሽ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ ክሪስታል ሞልቼ፣ ክዳኑን በሪባን አስሬ ሰጠኋቸው። ማስታወሻ ይሁንዎት አልኩ። ዕቃውን አገላብጠው አዩት።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ። ከምሳ በፊት

ውጤቱ መጣ።

ቀለበቷ የለችም።

ሚያዝያ 9፣ ማታ

በመጀመሪያ ወረቀቱን የሰጡኝ ተሳስተው ነው አልኩ። የሰው ናሙና ነው። ስልክ ደወልኩ፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን አነበቡልኝ። የኔ ነው። ቀጥዬ ናሙናው አንሶ ይሆናል አልኩ። አላነሰም። የቀሩት ሃይድሮጅኖች ጥርት ብለው ተሰልፈው ይታያሉ። የቀለበቷ ቦታ ግን ባዶ ሜዳ ነው። የአሲዱም የለም። ሁለቱም የሉም። ታዲያ ያለው ማነው?

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ስለሆነ ልጻፈው። መጀመሪያ ሲቀልጥ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ ሲያልፍ ጠርጥሬ ነበር። ሚዛን ሲናገረኝ የተቆጣሁት ለዚያ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ሲወጣ እሱ ራሱ ወደ ነጭ ጠጣርነት ይለወጣል። የዩሪያ ዘመድ ነው፣ በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ አለ። በድሮው አሠራር ወረቀት ላይ የሚቀረው ነው ሥራው፣ የሚወርደው ነው ቆሻሻው። ደላላውን ስጠቀም ተገላቢጦሽ ነው፤ ወረቀት ላይ የሚቀረውን ጥለሽ የሚወርደውን ታስቀሪያለሽ። እኔ ጠርሙሱን ለወጥኩና አሠራሩን አልለወጥኩም። ቆሻሻውን በሪባን አስሬ ለመምህሬ ሰጠሁ።

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ። ቆይቼ ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት።

የሚያስለቅሰኝ ግን እሱ አይደለም። እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? የመጨረሻ ደስታቸው ነው። ባለቤታቸውም ሰምተዋል፣ ኃላፊውም ትልልቅ ሰዎቹን ጠርቷል። ልባቸው ደግሞ ደካማ ነው መሰለኝ፤ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ይቆማሉ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ማንም በሌለበት ገብቼ አሚኗን ሳልጨምር ሞከርኩት።

ነጭ። መርፌ የመሰለ። የሚያብረቀርቅ።

ያለ ሙሽራ ሠርግ አለ ለካ።

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። አስነጠሱ። ጉንፋን ይዟቸዋል።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

ጉንፋኑ ቀለል ብሏቸዋል። ግን ገና ሲሻላቸው ላስደነግጣቸው አልፈለግሁም። ሰው በሽታ እንደለቀቀው ወዲያው ክፉ ወሬ ቢሰማ ይመለስበታል። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይመለስበታል።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ኃላፊው ቢሯቸው ውስጥ ነበር።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

ማንም አልነበረም። እኔ ነኝ ያልገባሁት። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። አንኳኩቼ "ግቡ" ሲሉኝ "ስቴፕለር አለዎት ጋሼ?" አልኳቸው። ሰጡኝ። አሁን የሳቸውን ጨምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ስቴፕለር አለ። እሳቸውም ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ያለ ይመስል አፋቸውን ከፈት አድርገው "ሽቦውም አለ" አሉኝ።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ዛሬ መምህሬን ጸጉራቸውን አስተካክሏቸዋል። ለስንብታቸው ነው። ወትሮም ደንበኛው ናቸው። ራት ላይ እንደ ዋዛ "መምህርሽ መጥተው ነበር" አለኝ።

"ምን አሉ?"

"ጆሮዬ አካባቢ አታሳጥረው አሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የወንበር ላይ ወሬ ነው። የሰማሁትን ባወራ ኖሮ ይሄኔ መቀሴ ዝጎ ነበር።" ሥራ ላይ እንዲህ ነው፣ እንደ ካህን ነው የሚያደርገው። ሳህኑን አንስቶ ሲሄድ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ይስቃል!

"ምንድነው የሚያስቅህ?"

"ምንም። ነገርሻቸው?"

"ነገ እነግራቸዋለሁ።"

እንደዚያ ስለው ሳቁ አፈነው፣ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ስሰቃይ እያየኝ የሚስቅ ባል ማግባቴን ዛሬ ገና አወቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። "የኔ እመቤት፣ ንገሪያቸው። አይሞቱም" አለኝ። "እንዴት አወቅህ?" አልኩት። "ጭንቅላታቸው እጄ ላይ ነበር እኮ፣ ጠንካራ ነው" አለኝ። እጄን ያዘ። ሽታውን እንኳ አላነሳም።

ሚያዝያ 25፣ ዓርብ

አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደሩ ነው። ብዙ ወንበር ነው።

ቆሜ መናገር እችላለሁ። ማግኔቱን ባላሳይ ማንም አይጠይቀኝም፤ ግማሹ ሰው የሚመጣው ለሻዩ ነው። ክሪስታሉን በትልቅ ፎቶ ብቻ ባሳየው ይጨበጨባል። እሳቸውም ደስ እንዳላቸው ይሄዳሉ። ይህን ሐሳብ ዛሬ ከማጠቢያው እስከ ጠረጴዛዬ ይዤው ሄድኩ። መልሼም ይዤው መጣሁ። ክፉ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምቹ ሐሳብ ግን ነው፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ ማታ

ነገርኳቸው።

ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ገባሁ፤ ካወለቅሁ እንደማልናገር አውቃለሁ። አላንኳኳሁም። የሰጠኋቸው ሪባን የታሰረበት ዕቃ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እሱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

"ጋሼ፣ ክሪስታሉ የኛ አይደለም። የደላላው ቅሪት ነው። ማግኔቱ ከነገረኝ ቆይቷል፣ ደብቄዎት ነው። ሥራችንን ደፍቼዋለሁ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉና፣

"እፎይ!" አሉ።

"እፎይ?"

"ልጄ፣ እኔ እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ስንት ጊዜ ከዚህ በር ተመልሻለሁ መሰለሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"መስኮቱ ጋ ከወሰድኳት ጊዜ ጀምሮ። እቺማ የድሮ ትውውቄ ናት። ከደላላው ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል።"

"ታዲያ ለምን!"

"ትዘፍኚ ነበራ" አሉ። "ዓርብ ነበር። ቅዳሜና እሑድን ደስ ብሏት ትዋል፣ ሰኞ እነግራታለሁ አልኩ። ሰኞ ቀይ ቀሚስ ለብሰሽ መጣሽ። ሐሙስ ለኃላፊው ነገርሽው። ከዚያ በኋላ እያደር ከበደኝ። ራስሽ ትደርሺበታለሽ ብዬ ያለ አሚን ሞክሪው አልኩሽ፣ በሙሽራ መለስሽልኝ። ባለቤቴ በየማታው ፈሪ ትለኛለች።"

ተናደድኩ። በእውነት ተናደድኩ። በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ዛሬ ኮሪደሩ ሰማኝ። "አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልቆም ነበር እኮ!" አልኳቸው።

"ከዚያ በፊት እነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ነገ" አሉ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ከዚያ የሳቃችን ድምፅ አስደንግጦት ነው መሰለኝ ሚዛን በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

ሳቁ ሲያልፍ ተነሱና ወደ ማቀዝቀዣው ወሰዱኝ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ፣ የጠፉብኝ ብልቃጦች በሙሉ ተደርድረዋል። አፋቸው ተከድኗል፣ እያንዳንዱ ላይ ቀኑ በሳቸው እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከመጀመሪያው በቀር አንዱም አልተደፋም።

"የሰው ሥራ ስለሆነ አልነካሁትም" አሉ።

ያለቀስኩት እዚያ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋንም ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ግንቦት 2፣ ዓርብ

ፈሳሹን አደረቅነው። ሙጫ ሆነ። ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ ከማንኪያ የማይላቀቅ፣ ሽታው ጎረቤት የሚያስነሳ። ክሪስታል ይሆን እንደሆነ ብዬ ብልቃጡን በዘንግ ፋቅሁት፣ በረዶ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ለመንኩት። አልሆነም።

ውህዶችን ነጣጥሎ በሚያሳየው የነጠብጣብ ሰሌዳ ላይ ስናየው ግን ከአሲዱም ከአሚኗም ከደላላውም ጋር የማይገጥም አንድ ነጠብጣብ አለው። ሚዛን ሁለት ጊዜ ለክቶ "ልዩ ነው" አለ። ከሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የደላላውን ነገር ጠርጥሮ እንደነበርም ነገረኝ። "ነገርኩሽ፣ አልበዛም አልኩሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። ምቀኛ ያልኩትን ሰው ሻይ ጋበዝኩት።

ናሙናውን ወደ ማግኔቱ ላክን። ከስንብቱ በፊት አይደርስም። ኃላፊው ጋ ሄጄ ማስታወቂያው ይነሳ አልኩት። ትልልቅ ሰዎቹ መልስ ስለሰጡ አይነሳም አለ። "አንቺ ብቻ ደህና አድርገሽ አቅርቢው" አለኝ። ደህና የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ ማታ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከኋላ ቆመ። መምህሬ ከነባለቤታቸው ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ጸጉራቸው ጆሯቸው አካባቢ እንዳሉት አላጠረም።

ኃላፊው ሲያስተዋውቀኝ "በዓለም ላይ አዲስ" አለ። ከኔ የሰማውን ነው፤ በሱ መፍረድ አልችልም። የክሪስታሉን ፎቶ አሳየሁ። ገና ሳልናገር አንዳንዱ ማጨብጨብ ጀመረ።

"እባካችሁ ቆዩ" አልኩ። "ይኼ የምታዩት ቆሻሻው ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ጠርሙሱን እንደለወጥኩ፣ አሠራሩን እንዳልለወጥኩ፣ ቀለበቷ እንደሌለች፣ ያለ አሚኗም ሞክሬ ያው ነጭ እንደወጣ። ሙጫውን በብልቃጡ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። የፊተኛው ረድፍ ሽታው ደርሶት ወደ ኋላ ሸሸት አለ። "ሥራዬ ይኼ ሊሆን ይችላል። አዲስ መሆኑን አላውቅም። ገና ነው" አልኩ። ኃላፊው ጣሪያውን እያየ ነበር። ሰዉ ሳቀ፣ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም።

ጥያቄ አለ ወይ ሲባል መምህሬ እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ። ተነስተው ቆሙ።

"አቅራቢዋን አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። "ያንን ክሪስታል በመጀመሪያው ቀን አይቶ ያወቀ ሰው አልነበረም?"

ይህን እንደሚያደርጉ አልነገሩኝም። ባለቤታቸው እጅጌያቸውን ያዙ።

"ነበረ" አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"ፈርቶ ነው።"

"ምን ፈርቶ?"

"እኔን ማስከፋት።"

"እንዲህ ያለ ሰው አስተማሪ ይባላል?"

ጥያቄው የምር ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ በሆዳቸው ይዘውት የከረሙት ይኼው ነው፤ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሰው እንዲመልስላቸው ፈልገዋል። መልሱ ደግሞ እኔ እጅ ላይ ነው። እሳቸው አይቼ የማልጠግባቸው ሰው ናቸው፤ ግን እዚያ ቆሜ አምስት ሳምንት የሞኝ ደስታ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ።

"ይባላል" አልኩ። "ግን ጡረታ ቢወጣ ሳይሻለው አይቀርም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤታቸው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እሳቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፣ ቆመው ሳቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። "ሌላ ጥያቄ የለኝም" አሉ።

እኔም ከሁሉ ጋር ሳቅሁ። ከዚያ መውጣታቸው እውነት መሆኑ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ውጤቱ መጣ። ወረቀቱን እንደያዝኩ በኮሪደሩ ሮጥኩ። የመምህሬን በር ሳላንኳኳ ገፋሁት። ተቆልፏል። አንዴ ደግሜ ገፋሁት። ስማቸው የነበረበት ቦታ ላይ የሙጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ረስቼው ነው። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ትንሽ ቆምኩ። ሚዛን ከኋላዬ አልፎ ሲሄድ ምንም አላለኝም፤ መዝኖ ነው ዝም ያለው።

ቀለበቷ አለች። ጥርት ብላ፣ ብቻዋን፣ ከሁሉ ርቃ ቁጭ ብላለች። አሲዱም ከጎኗ አለ። ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ቆሻሻ፣ ግማሹን ወረቀት የሞላ። ገና ብዙ ማጥራት ይቀረኛል፤ ወሩን ሙሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ዓሣ ዓሣ ስሸት ልከርም ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ጋሼ ቤት ደወልኩ። "ሃሎ" ብለው ሳይጨርሱ ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ ቀለበቷ መኖሯንም፣ ቆሻሻው መኖሩንም።